የጉባኤው ሒሳብ እንዴት ተዘጋ

የሙያ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሒሳቡ ግን አልዘጋ አለኝ። ባንክ ያለው ብር መዝገቤ ላይ ካለው በ31,500 ይበልጣል። ቢጎድል ይሻል ነበር፤ የጎደለውን ቢያንስ ሰው ይፈልገዋል። ትርፍ ሲሆን ሁሉም «ምን ቸገረህ» ይላል።

መጀመሪያ የምዝገባውን ክፍያ አየሁ። «አልከፈሉም» ብዬ የያዝኳቸው 11 ሰዎች ነበሩ። ለአንዱ ደወልኩ፣ ፕሮፌሰር ናቸው፣ ተቆጡኝ። ከፍለዋል ለካ፤ በልጃቸው ቴሌብር! ስቴትመንቱ ላይ የመጣው የልጃቸው ስም ነው። የሌሎቹንም የግብይት ቁጥር በቴክስት ተቀብዬ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። በ1,500 ብር ሒሳብ 16,500 ተገኘ።

ቀሪው 15,000 ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ነገሩ የአዳራሽና የምግብ ክፍያው ላይ ነበር። የሆቴሉ ዋጋ 500,000 ነው፤ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 575,000። እኔ ወጪውን በሙሉ መዝግቤያለሁ። ቼኩ የወጣው ግን በ560,000 ነው፤ ተቀናሽ ግብሩን፣ ማለትም ከሆቴሉ ክፍያ ላይ ቀንሰን ለመንግሥት የምናስገባውን፣ ይዘን አስቀርተናል። የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው፤ እኔ ከ575,000 እያሰላሁ ስለነበር ቁጥሩ አልገጥም ብሎኝ ነው የቆየው። ብሩ የእኛ አይደለም፣ የመንግሥት ነው። «ተከፋይ ግብር» ብዬ መዘገብኩና በማግስቱ ገቢ አደረግን። ለሆቴሉም የተቀናሽ ደረሰኙን ላክንለት።

ለከርሞ የምዝገባ ፎርሙ ላይ «የግብይት ቁጥር» የምትል ሳጥን ጨምሬያለሁ። ሳይሞሉ ማለፍ አይቻልም። ፕሮፌሰሩንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ደረሰኛቸውን ግን እስካሁን አልወሰዱም።