ጳጉሜን የሚደርስ የንባብ ዕቅድ እንዴት ይወጣል?

አንድ ዓመት መስከረም 1 ቀን፣ ቤቱ በዶሮ ወጥ ሽታ ታውዶ ሳለ፣ አዲስ ደብተር ገልጬ «ዘንድሮ 50 መጽሐፍ አነባለሁ» ብዬ ጻፍኩ። በቀይ እስክሪብቶም አሰመርኩበት። ኅዳር ላይ ገና ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ነበርኩ። ታኅሣሥ ላይ መደርደሪያው ፊት ቆሜ ቀጭን ቀጭኑን ስመርጥ ነው የነቃሁት። ለካ ማንበቡን ትቼ መቁጠር ጀምሬያለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ይባል የለ? ሃምሳ መጽሐፍም እንደዚያው ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ያነበብኩት 7 ነበር። ከሰባቱ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ማታ የሚያልቁ የግጥም መድበሎች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ዕቅዴን በመጽሐፍ ቁጥር አላወጣም። በደቂቃና በገጽ ነው። አካሄዱ ይኸው።

መጀመሪያ ፍጥነታችሁን ለኩ

ከማቀዳችሁ በፊት ሦስት ምሽት ስጡት። የስልካችሁን ደወል ለ20 ደቂቃ ሙሉና እጃችሁ ከማይደርስበት አስቀምጡት። ከዚያ አንብቡ። ሲጮህ ስንት ገጽ እንደሄዳችሁ ጻፉ። አትሩጡ፣ ፈተና አይደለም። የሦስቱን ቀን ደምሩና ለሦስት አካፍሉ።

እኔ ልብ ወለድ ሲሆን 12 ገጽ ገደማ እሄዳለሁ። የታሪክ መጽሐፍ ሲሆን 7። እንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ መዝገበ ቃላት ስገልጥ ከዚያም እወርዳለሁ። የእናንተ 5 ከሆነም 5 ነው። ዕቅዱ የሚወጣው ለእናንተ እንጂ ለጎረቤት አይደለም።

ቀጥሎ ሒሳቡን ሥሩ

እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠራችን ውለታ ይውልልናል። ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው። ይሄኛው 31 ነው ወይስ 28 እያሉ ጣት መቁጠር የለም። 300 ገጽ ለ30 ሲካፈል በቀን 10 ገጽ። አለቀ።

ግን 30 ቀን ሙሉ የሚያነብ ሰው አላየሁም። ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ አለ። አንዳንድ ማታ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት ዓይን እምቢ ይላል። ስለዚህ ከወሩ ላይ 5 ቀን ቀድማችሁ ጣሉ። 25 ቀን ይቀራል። 25 ቀን በ12 ገጽ፣ 300 ገጽ ነው። ለእኔ ይሄ በቀን 20 ደቂቃ፣ በወር አንድ ልብ ወለድ ማለት ነው። በ7 ገጽ የሚሄደው የታሪክ መጽሐፍ ግን በ25 ቀን 175 ገጽ ብቻ ነው። 350 ገጽ ካለው ሁለት ወር ይፈልጋል። ይህን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ፣ ወሩ አልቆ መጽሐፉ ገና ግማሽ ላይ ሲሆን ራሳችሁን ሰነፍ ብላችሁ አትሳደቡም።

ጾምና በዓልንም ቁጠሩ። የፋሲካ ሰሞን ሽንኩርት እየከተፈ ታሪክ የሚያነብ ሰው ካለ አድራሻውን ላኩልኝ። ለዚያ ወር ቀለል ያለ ነገር ያዙ። ክረምት ላይ፣ ዝናቡ ቤት ሲያስቀምጥ፣ ወፍራሙን አውጡት።

ጳጉሜንን ባዶ ተዉት። አምስት ቀን ነው፣ በየአራት ዓመቱ 6። የተንጠለጠለ መጽሐፍ ካለ የሚያልቅበት ጊዜ ነው።

ሰዓቱን ከሌላ ነገር ጋር እሰሩት

«ጊዜ ሳገኝ አነባለሁ» ያለ ሰው አያነብም። ጊዜ ቢገኝም ስልክ ይበላዋል። ንባቡን በየቀኑ ሳታስቡት ከምታደርጉት ነገር ጋር አያይዙት። ከጠዋት ሻይ ጋር፣ ከምሳ በኋላ፣ ልጆች እንደተኙ። አንዱን ብቻ ምረጡ።

የእኔ የታክሲ ሰልፍ ነው። ማታ ማታ 20 ደቂቃ ሰልፍ የማይጠፋበት ቦታ ነው የምሳፈረው። ድሮ እየተራገምኩ እቆም ነበር፣ አሁን ሰልፉ ሲያጥር ቅር ይለኛል። ታክሲው ውስጥ ግን አልሞክረውም፣ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ያጥወለውለኛል። እዚያ ጆሮዬን እጠቀማለሁ።

«መስማት እንደ ማንበብ ይቆጠራል?» የሚል ክርክር አለ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የሰማ ሰው መጽሐፉን አያውቀውም የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። እኔ እቆጥረዋለሁ፣ በገጽ ሳይሆን በደቂቃ።

መብራት ሲጠፋም እንዳያመልጣችሁ። ዋይፋዩም ቴሌቪዥኑም አብሮ ይጠፋል፣ ቤቱ ጸጥ ይላል። ባትሪ አብርቼ ያነበብኩት ቀላል አይደለም።

የሚቀጥለው መጽሐፍ ቀድሞ ይቀመጥ

በእኔ ልምድ ዕቅድ የሚሞተው መጽሐፍ መሃል አይደለም። አንዱ አልቆ ሌላው ሳይጀመር፣ በዚያች ክፍተት ነው። «ቅዳሜ ሄጄ እገዛለሁ» ትላላችሁ። ቅዳሜ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ሦስት ሳምንት ያልፋል። ስለዚህ የያዛችሁት ሊያልቅ 50 ገጽ ሲቀረው ቀጣዩ እጃችሁ ይግባ።

መጽሐፍ ተወዷል፣ አውቃለሁ። ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጡትን ጠይቁ፣ ተዋዋሱ። ስትዋዋሱ ግን ቀኑንና የሰውየውን ስም ጻፉ፣ አለበለዚያ ወዳጅነቱም መጽሐፉም ይጠፋል። አዲስ አበባ ለሚኖር አራት ኪሎ፣ ፓርላማው ፊት ለፊት፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ከገበያ የጠፋ የቆየ መጽሐፍ ከሆነ የምትፈልጉት በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርን ሞክሩ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ከአገር ቤት ለሚመጣ ሰው ከበርበሬውና ከሽሮው ላይ አንድ መጽሐፍ አስጨምሩ። ቴሌግራም ላይ ስለሚዞረው ፒዲኤፍ ብዙ አልልም። ደራሲው ግን ከእሱ ሳንቲም አያገኝም።

የማይሆነውን ዝጉት

ሁሉም ሰው ያወደሰው አንድ መጽሐፍ ነበር። ራስጌዬ አራት ወር ተኛ። እሱንም አላነበብኩትም፣ በእሱ ምክንያት ሌላም አላነበብኩም። አሁን ለማንኛውም መጽሐፍ 50 ገጽ እሰጣለሁ። እስከዚያ ካልያዘኝ ይዘጋል። የተነበቡት 50 ገጾች ግን ይመዘገባሉ፣ በከንቱ አልደከምንም። ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚነበበውን አይመለከትም፣ እሱን ጥርስ ነክሶ መጨረስ ነው።

መዝግቡ፣ ግን በአጭሩ

አፕ አያስፈልግም። የደብተር አንድ መስመር ይበቃል። «ጥቅምት 9፦ 14 ገጽ፣ ሰልፍ ላይ።» መጽሐፉ ሲያልቅ ደግሞ ስለ እሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ያላሳመናችሁን ነገር ብትጽፉ ይሻላል፣ ጥሩውን ማንም ያስታውሰዋል።

ሦስት ቀን ካመለጣችሁ ዕዳውን አትቆልሉት። «ዛሬ 48 ገጽ አነባለሁ» ያለ ሰው በአራተኛውም ቀን አያነብም። ያ 5 ቀን የተጣለው ለዚህ ነው። በማግስቱ ያው 12 ገጽ ነው። ከአምስት ቀን በላይ ካለፈ የመጽሐፉን ማብቂያ ቀን ወደፊት ግፉት እንጂ የቀኑን ገጽ አትጨምሩ። በሦስት ወር አንዴ 20 ደቂቃውን እንደገና ለኩ። ፍጥነቱ ከተለወጠ ሒሳቡም ይለወጣል።

መስከረምንም አትጠብቁ። ዛሬ ወሩ 17 ከሆነ 13 ቀን ይቀራል። ሦስቱ ለመለኪያ ነው። በቀረው 10 ቀን፣ በቀን በ12 ገጽ፣ የ120 ገጽ መጽሐፍ ያልቃል። ለዚህ ለመጀመሪያው ብቻ፣ ቀጭን ብትመርጡ አልቃወምም።