አፕግሬድ እምቢ ሲል፦ የፒኤስ ፋይቭ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። በአንድ በኩል ልጆች ይጫወታሉ፣ በሌላ በኩል የጥገና ጠረጴዛዬ አለ። ድሮ የሚመጣልኝ የለቀቀ ጆይስቲክና የተቃጠለ ፓወር ነበር። አሁን ብዙው ሰው ምንም ያልተሰበረ ኮንሶል ተሸክሞ ይመጣል። "አፕግሬዱ አልሠራልኝም" ይላል። የፒኤስ ፎር (የፕሌይስቴሽን 4) ጌሙን ወደ ፒኤስ ፋይቭ (ፕሌይስቴሽን 5) ማሳደጉን ማለቱ ነው። ብሩ ወጥቷል፣ ጌሙ የለም። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ከመክፈል በፊት ሁለት ደቂቃ ቢታይ የሚድን ገንዘብ ነው።

ኔት መኖሩን፣ ኮንሶሉ አፕዴት መደረጉን፣ ሲዲው አለመጫጫሩን አይታችኋል ብዬ ልነሳ።

ምልክት፦ የፒኤስ ፎር ሲዲው አለኝ፣ ስቶሩ ግን ሙሉ ዋጋ ይጠይቀኛል

በጣም የሚደጋገመው ይሄ ነው። ሲዲው ገብቷል፣ ጌሙ ይከፈታል፣ ይጫወታል። ወደ ፒኤስ ፋይቭ ላሳድገው ስትሉ ግን በነጻ ወይም በ10 ዶላር መሆን የነበረበት ነገር 60 እና 70 ዶላር ይላችኋል።

ምክንያቱ ሲዲውና አካውንታችሁ የተለያየ አገር ሰዎች መሆናቸው ነው። ለኢትዮጵያ የተከፈተ የፕሌይስቴሽን ስቶር የለም። ስለዚህ ሁላችንም የሰው አገር አካውንት ይዘናል። አንዱ ጓደኛው የአሜሪካ ከፍቶለታል፣ ሌላው ኮንሶሉን የሸጠለት ሰው የኤምሬትስ አድርጎ ሰጥቶታል። ሲዲው ደግሞ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ፒኤስ ፋይቭ የየትኛውንም አገር ሲዲ ያጫውታል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሲዲው ስለተጫወተ ሁሉም ነገር የተስማማ ይመስለዋል። አፕግሬዱና ተጨማሪ ይዘቱ ግን ከሲዲው ክልል ጋር የታሰረ ነው። የአውሮፓ ክልል ሲዲ ይዛችሁ በአሜሪካ ስቶር ከገባችሁ፣ ስቶሩ ጌሙ እንዳላችሁ አያውቅም። እንደ አዲስ ገዢ ያያችኋል።

አንድ የሉማሜ ልጅ ነበር። እህቱ ከዱባይ ስትመጣ የሆራይዘን ፎርቢድን ዌስትን የፒኤስ ፎር ሲዲ ይዛለት መጣች። የዚህ ጌም አፕግሬድ ነጻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሶኒ መጀመሪያ ሊያስከፍል አስቦ፣ ተጫዋቹ ሲጮህበት በነጻ ይሁን ብሏል። ልጁ ግን አካውንቱ የአሜሪካ ነው። ስቶሩ ሙሉ ዋጋ ጠየቀው። እሱም ዕቁብ ደርሶት ነበርና ቴሌግራም ላይ የስቶር መክፈያ ካርድ የሚሸጥ ሰው ፈልጎ ሙሉውን ከፈለ። ወደ እኔ የመጣው "ሲዲውን ለምን አይቀበልም?" ብሎ ነው። ሽፋኑን አገላብጬ ሳየው፣ ከፊት በስተግራ ከታች ብርቱካናማ ካሬ ውስጥ 16 የሚል ቁጥር አለ። ጣቴን አስቀምጬ አሳየሁት። ልጁ ዝም አለ። ገንዘቡን የሚመልስለት የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሽፋኑን እዩ። ጥቁርና ነጭ ሳጥን ውስጥ እንደ ኢ፣ ቲ ወይም ኤም ያለ የእንግሊዝኛ ፊደል ካለ የአሜሪካ ነው። ባለ ቀለም ካሬ ውስጥ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር ካለ የአውሮፓ ክልል ነው። ከዱባይ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እዚህኛው ውስጥ ይገባል። ሽፋን ከሌለ ሲዲው ፊት ላይ በትንሹ የተጻፈውን ኮድ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። ሽፋን የሚጥል ሰው ግን ይገርመኛል። ገዝታችሁ ወዲያው ሽፋኑን የምትጥሉ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉ። ስትሸጡትም ዋጋው ግማሽ ይሆናል።

መፍትሄው አካውንታችሁን መቀየር አይደለም። የአካውንት አገር አንዴ ከተመዘገበ አይቀየርም። ስትሞክሩ አትልፉ። ከሲዲው ክልል ጋር የሚስማማ ሁለተኛ አካውንት በነጻ ክፈቱ። እዚያው ኮንሶል ላይ ሁለተኛ ተጠቃሚ አድርጋችሁ አስገቡት። ሲዲው ውስጥ እያለ በዚያ አካውንት ስቶር ግቡና አፕግሬዱን ውሰዱ። ከዚያ በዚያው አካውንት ሴቲንግ ውስጥ የኮንሶል ማጋራትና ያለ ኔት መጫወት የሚለውን አብሩ። አሁን ወደ ድሮው አካውንታችሁ ተመለሱና ተጫወቱ። እኔ ጋ መጥተው በዚህ መንገድ የሠራኋቸው ሁሉ ከነሴቫቸው፣ ማለትም ካቆሙበት፣ ቀጥለዋል።

ካርድ ላይ ተጠንቀቁ። ይሄን ደግሜ እላለሁ፣ ካርድ ላይ ተጠንቀቁ። የአሜሪካ ካርድ በዶላር ነው። የኤምሬትስ ካርድም በዶላር ነው። ሁለቱ ግን አይተካኩም። ከብቸና የመጣ መምህር 20 ዶላር ካርድ ገዝቶ አካውንቱ አልቀበል አለው። ኮዱን ሦስት ጊዜ አስገባ፣ አራት ጊዜ አስገባ። ሻጩ "ዶላር ነው፣ ይሠራል" ብሎታል። ኮዱ አንዴ ከተፋቀ የሚመልስላችሁ የለም። ሻጩን "የየት አገር ካርድ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካላወቀ ከእሱ አትግዙ።

ሌላም አለ። የአሜሪካ አካውንት ከሆነና ስትከፍቱ የሞላችሁት አድራሻ ታክስ የሚያስከፍል ስቴት ውስጥ ከሆነ፣ 9.99 ዶላር የሚለው አፕግሬድ ከ10 ዶላር ያልፋል። የ10 ዶላር ካርድ አይበቃችሁም። ከፍ ያለውን ግዙ። የቀረው የአካውንታችሁ ቦርሳ ውስጥ ይቆያል።

ምልክት፦ አፕግሬዱን ከፈልኩ፣ በማግስቱ አልከፍት አለ

ሲዲውን ለጓደኛችሁ አውሳችሁ ይሆናል። በሲዲ ያሳደጋችሁት ጌም በተጫወታችሁ ቁጥር ሲዲው ውስጥ መሆን አለበት። አፕግሬድ ማለት ሲዲውን መተካት አይደለም። ሸጣችሁት ከሆነ አፕግሬዱም አብሮ ሄዷል።

ምልክት፦ ሲዲ ማስገቢያ የለውም

ሰው ዲጂታሉን የሚገዛው ስለሚረክስ ነው። ፒኤስ ፋይቭ በ2020 ሲወጣ ባለ ሲዲው 499፣ ዲጂታሉ 399 ዶላር ነበር። 100 ዶላሩ ያጓጓል። ግን ቤታችሁ የፒኤስ ፎር ሲዲ ክምር ካለ አንዱንም አታሳድጉበትም። አንዲት እናት ለልጃቸው ፋሲካ ብለው ዲጂታሉን ገዙለት። ልጁ አሥራ አንድ ሲዲ በፌስታል ይዞ መጣ። "የት ነው የሚገባው?" አለኝ። ያቺ ቀን አልረሳትም።

ኮንሶሉ ከ2023 ወዲህ የወጣው ስሊም ወይም ፕሮ ከሆነ የሚገጠም የሲዲ ማጫወቻ ለብቻው ይሸጣል፣ ሲወጣ ዋጋው 79.99 ዶላር ነበር። የ2020ው ዲጂታል ከሆነ ምንም አይገጠምለትም። ደግሞ ማጫወቻው ሲገጠም ለመጀመሪያ ጊዜ ኔት ይፈልጋል። ኔት ሳይኖር ገጥማችሁ "አይሠራም" ብላችሁ አትመልሱት። ፕሮውን ደግሞ ልብ በሉ፦ በ700 ዶላር ነው የወጣው፣ ማጫወቻ ግን አብሮት የለም።

ምልክት፦ ጌሙ ላይ የቁልፍ ምልክት መጣ

እኛ አካባቢ ኔት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ይሄ ችግር ይፈላል። በዲጂታል የተገዛ ጌም፣ የተገዛበት አካውንት የኮንሶሉ ዋና አካውንት ካልሆነ፣ ፈቃዱን በኔት ማጣራት ይፈልጋል። ኔት ሲጠፋ ይቆለፋል። ኔት ባለበት ቀን የኮንሶል ማጋራቱን አብሩት። ፒኤስ ፎር ላይ ከሆነ ዋና ፒኤስ ፎር የሚለውን ነው። አንድ አካውንት ይህን የሚያበራው በአንድ ፒኤስ ፋይቭና በአንድ ፒኤስ ፎር ላይ ብቻ ነው።

አብርታችሁም ከተቆለፈ፣ ጌሙን የገዛችሁት ቴሌግራም ላይ "አካውንት ከነጌሙ" ከሚሸጡት ሊሆን ይችላል። አንዱን አካውንት ለብዙ ሰው ይሸጡታል። ዋናነቱን ለሌላ ሲሰጡት እናንተ ጋ ይቆለፋል። ለዚህ መፍትሄ የለኝም። ፍኖተ ሰላም ያለ ወጣት ስድስት ጌም ያለው አካውንት ገዝቶ፣ በሁለት ወር ውስጥ የይለፍ ቃሉ ተቀየረበት። ሻጩ የቴሌግራም አካውንቱን አጥፍቶ ሄደ። እባካችሁ፣ የእናንተ ያልሆነ አካውንት ላይ ብር አታፍስሱ። ሲዲ ግዙ። ሲዲ ኔት ቢጠፋም ይጫወታል፣ ሲሰለቻችሁም ይሸጣል።

ምልክት፦ አፕግሬድ አድርጌ ልዩነት አላይም

የምትጫወቱት አሁንም የፒኤስ ፎሩን ነው። ሁለቱም ተጭነው ከሆነ ጌሙ ላይ ቆማችሁ ሦስት ነጥቡን ተጫኑና የፒኤስ ፋይቩን ምረጡ። ወራት ሙሉ ባለማወቅ በአሮጌው የተጫወተ ሰው አይቻለሁ።

ሴቩ ደግሞ ለብቻው ጉዳይ ነው። በብዙ ጌሞች የፒኤስ ፎር ሴቭ ራሱ አይሻገርም። መጀመሪያ አሮጌውን ከፍታችሁ ከውስጥ ወደ ኔት መላክ፣ ከዚያ አዲሱን ከፍታችሁ ማውረድ አለባችሁ። ሴቩ መሻገሩን በዓይናችሁ ሳታዩ የፒኤስ ፎሩን ሴቭ አታጥፉ። በምንም ምክንያት አታጥፉ። ቦታ ሞላብኝ ካላችሁ ሌላ ጌም አጥፉ።

ምልክት፦ ቦታ የለም ይላል

የፒኤስ ፋይቭ ጌም ከውጪ ሃርድ ዲስክ ላይ አይጫወትም፣ ይቀመጣል እንጂ። የፒኤስ ፎሮቹን ወደዚያ አውጡና ውስጡን አስለቅቁ። የ2020ው ኮንሶል 825 ጊጋ ቢባልም ለእናንተ የሚቀረው 667 ነው። ውስጡ የሚገባ ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) ከፈለጋችሁ በሰከንድ 5,500 ሜጋባይት የሚያነብ፣ የሙቀት መከላከያ ያለው ይሁን። ገበያ ላይ ያለ ስምና ፍጥነት ያልተጻፈበት ርካሽ ኤስኤስዲ ቆሻሻ ነው። ሦስቱን አውጥቼ ጥያለሁ።

የተቀረው ባጭሩ። ጆይስቲኩ ብቻውን የሚሄድ ከሆነ አናሎጉ ይቀየራል፣ በስፕሬይ አትድከሙ። ስክሪን ካልመጣ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ተጣሞ ይሆናል፣ ገመዱን በግድ የምትሰኩ ሰዎች ናችሁ የምታጣምሙት። ከተንተከተከ አቧራ ነው፣ ግን ማቀዝቀዣውን አትፍቱ፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ብረት ቦርዱን ይገድለዋል። መብራት ሲመጣና ሲሄድ ስታብላይዘር ሳይኖር አትክፈቱ።

ምልክት፦ ዋጋው አይቀመስም

ይሄንንም ብልሽት ብዬ እቆጥረዋለሁ፣ ምክንያቱም በየቀኑ የምጠየቀው ነው። ጌም 60 ዶላር ነበር። ከ2020 ወዲህ ትልልቆቹ 70 ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2025 የኒንቴንዶው ማሪዮ ካርት ወርልድ በ80 ወጣ። በእኛ በኩል ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የዶላሩ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። 4,000 ብር አካባቢ የነበረው ጌም ከ7,000 በላይ ሆነ ማለት ነው፣ ያውም በባንክ ዋጋ። ድሮ ኮንሶል ሲያረጅ ይረክስ ነበር። ፒኤስ ፋይቭ ግን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ላይ አሜሪካ ውስጥ 50 ዶላር ጨመረ።

የ10 ዶላር አፕግሬድ ተገቢ ዋጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2ን፣ ዴይስ ጎንን በዚያ ዋጋ ማሳደግ ይቻላል። ሳይበርፓንክና ዊቸር 3 ደግሞ በነጻ ሰጥተዋል፣ እነሱን አመሰግናለሁ። ጂቲኤ 5 ላይ ግን አትድከሙ፣ የፒኤስ ፎር ሲዲ ስላላችሁ የሚሰጣችሁ ነጻ አፕግሬድ የለም። ለብቻው ነው የሚሸጠው።

የኳስ ጌም በየመስከረም አዲስ ይወጣል። በየዓመቱ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ዓመት ዝለሉ። ያለፈው ዓመት ሲዲ አዲሱ በወጣ ሰሞን ገበያው ላይ ይወድቃል። ገንዘብ ከሌለ ኢፉትቦል ከ2021 ጀምሮ ነጻ ነው።

ጂቲኤ 6 ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለኖቬምበር 19 ቀን 2026 ተቀጥሯል። ለፒኤስ ፎር አልተነገረም። እኔ ጋ እየመጡ "ቀብድ ልክፈል?" የሚሉ አሉ። ቴሌግራም ላይ ለማታውቁት ሰው ቀብድ አትክፈሉ። ሲዲው በእጃችሁ ሳይገባ አንድ ብር አታውጡ።

ወደ ጠረጴዛዬ ስትመጡ ኮንሶሉን ብቻ አትሸከሙ። ሲዲውን ከነሽፋኑ፣ የአካውንታችሁን ኢሜይልና የይለፍ ቃል፣ የገዛችሁትን ካርድ ፎቶ ይዛችሁ ኑ። ካርዱን ግን ሳታሳዩኝ አትፋቁት።