ትንሽ ንግዳችሁን በስልክ እንዴት ታንቀሳቅሳላችሁ?

ስልክ ለነጋዴ ምን ይጠቅማል ሲባል ብዙ ሰው ወደ ማስታወቂያ ይሮጣል። እኔ ግን ቶሎ ትዝ የሚሉኝ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ህንድ ውስጥ ኬረላ በምትባል ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሞባይል ኔትወርክ በባሕር ዳርቻው ተዘረጋ። አጥማጆቹ ገና ጀልባ ላይ እያሉ ለገዢዎች እየደወሉ የት እንደሚሸጡ መምረጥ ጀመሩ። ከዚያ በፊት አንዱ ገበያ ላይ ዓሣ ተትረፍርፎ ይጣላል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ገዢ ዓሣ አጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሮበርት ጄንሰን የተባለ የኢኮኖሚ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት የአጥማጆቹ ትርፍ በአማካይ 8 በመቶ መጨመሩን፣ ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ 4 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ስማርትፎን የለ፣ ፌስቡክ የለ። መደወል ብቻ።

የመጀመሪያው እርምጃም ይኸው ነው፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉ። ቢያንስ ሦስት አቅራቢ ጠይቁ። ዋጋውን ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉት። ከወር በኋላ ማን ቶሎ ቶሎ እንደሚጨምር ደብተሩ ራሱ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ አንድ መስመር ምረጡ። አንድ! ቴሌግራሙንም ቲክቶኩንም ዋትስአፑንም ባንዴ የከፈተ ሰው በየትኛውም ላይ በወጉ አይመልስም። ደንበኞቻችሁ የሚያዘወትሩትን ያዙ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዋትስአፕ ቢዝነስ በነፃ ይወርዳል፤ የዕቃ ካታሎግ ይይዛል፣ በሌላችሁበት ሰዓትም ራሱ መልስ ይልካል። ለንግዱ የተለየ ሲም ካላችሁ ደግሞ እሰየው። የቤተሰብ ወሬና የደንበኛ ትዕዛዝ አይደባለቅም።

አሁን ዕቃውን ለጥፉ። ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ አንሱ፤ ፍላሽ ቀለም ያበላሻል። ከሥሩ እንዲህ ጻፉ፦

«ጥቁር የቆዳ ቦርሳ። ወርድ 30 ሳ.ሜ.፣ ቁመት 25 ሳ.ሜ.። የውስጥ ኪሱ ዚፕ አለው። ማንገቻው ላይ ትንሽ ጭረት አለ። የቀረችን አንድ ናት።»

ከዚያ ዋጋውን በቁጥር። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉት ነገር ለእኔ ደንበኛ ማባረሪያ ነው። ሰው ለመጠየቅ ያፍራል፣ ወይ ይሰለቻል፣ ወደሚቀጥለው ሻጭ ያልፋል። ጭረቷን መናገር አያከስርም፤ የሚያከስረው ተናድዶ ዕቃ የሚመልስ ደንበኛ ነው።

ክፍያ ላይ ቀስ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኬንያ ውስጥ ኤም-ፔሳ ከተጀመረ ወዲህ በተራ ስልክ ገንዘብ መቀበል በብዙ አገር ለትንሽ ነጋዴ የዕለት ሥራ ሆኗል። አጭበርባሪውም አብሮ መጥቷል። ደንበኛ የላከው ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም፤ በሁለት ደቂቃ ኤዲት ይደረጋል። «ገንዘብ ገብቷል» የሚል የውሸት መልእክትም ሊደርሳችሁ ይችላል። ራሳችሁ ሒሳባችሁን ከፍታችሁ ቀሪውን እዩ፣ ከዚያ ዕቃውን ስጡ። ደንበኛው ቢቸኩልም ይጠብቅ። ፒንና የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አይነገርም፤ «ከድርጅቱ ነው የምደውለው» ለሚልም ቢሆን።

የቀረው ትንሽ ነገር ነው። የደንበኞቻችሁን ስምና ቁጥር በየሳምንቱ ወደ ደብተሩ ገልብጡ። ገጽ ይታገዳል፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ዳታ ይቋረጣል። ያን ቀን ደብተሩን ይዛችሁ ከተዋሳችሁት ስልክ ትደውላላችሁ።