ሬዚደንሲ ስትመርጡ እነዚህን አትሳሳቱ፦ አሜሪካ ላሉ የጥርስ ሐኪሞቻችን

በቅርቡ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። አዲስ አበባ ተምራ፣ ጥቂት ዓመት ሠርታ ወደ አሜሪካ የመጣች የጥርስ ሐኪም ናት። የአንድ ዓመት ሬዚደንሲዋን (ከምረቃ በኋላ የሚወሰድ የሥራ ላይ ሥልጠና) ጨርሳ፣ ቤተሰቧ ወዳለበት ግዛት ልትሄድ ዕቃዋን ሸክፋለች። «ዶክተር፣ በዚህ ብቻ የሥራ ፈቃድ (ላይሰንስ) አይሰጥሽም አሉኝ» አለችና ዝም አለች። አንጀቴን በላችው። እንዲህ ያለ ስልክ ሲደወልልኝ ይህ ሦስተኛው ነው።

እባካችሁ፣ ፕሮግራም ከመምረጣችሁ በፊት የምትሠሩበትን ግዛት ምረጡ። ላይሰንስ የሚሰጠው የፌዴራል መንግሥት አይደለም። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ የጥርስ ሕክምና ቦርድና የራሱ ሕግ አለው። አብዛኞቹ ውጭ የተማረ ሰው ኮዳ (የአሜሪካ የጥርስ ሕክምና ትምህርትና ሥልጠና ፕሮግራሞችን የሚገመግመው አካል) እውቅና ከሰጠው ትምህርት ቤት ዲዲኤስ ወይም ዲኤምዲ የተባለውን የጥርስ ሐኪም ዲግሪ እንዲያመጣ ይጠይቃሉ። ይህ ማለት እንደገና ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ትምህርት ቤት መግባት ነው። የሁለት ዓመት ሬዚደንሲ የሚበቃቸው ግዛቶችም አሉ። ታዲያ ይህን ሳያጣሩ የአንድ ዓመት ቦታ ስላገኙ ብቻ መግባት ምን ይሉታል? ብዙዎችን የምታሳስተው ኒውዮርክ ናት። እዚያ ሬዚደንሲ ግዴታ ስለሆነ፣ ሬዚደንሲ ብቻ የሚበቃ ይመስላቸዋል። ሬዚደንሲው የገባው በክሊኒክ ፈተናው ቦታ ነው። ውጭ የተማረ ሰው የትምህርት መስፈርቱን ለብቻው ማሟላት አለበት። ለቦርዱ ጻፉ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ጓደኛ ነገረኝ አይሠራም፤ ሕጉ ይለወጣል።

ሁለቱን የጠቅላላ ጥርስ ሕክምና ሬዚደንሲዎች፣ ጂፒአርን እና ኤኢጂዲን፣ አንድ አድርጎ የማየት ስህተትም አለ። ጂፒአር የሆስፒታል ሥራ ነው። ሌሊት ፊቱ ያበጠ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ የምትጠሩት እናንተ ናችሁ። ማደንዘዣ ክፍልና ውስጥ ደዌ ትዞራላችሁ። ኤኢጂዲ ባብዛኛው ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ቀናችሁ በክራውን (የጥርስ ሽፋን)፣ በሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) እና በመሳሰለው ያልፋል። የልብ ሕመምተኛ ጥርስ መንቀል የሚያስፈራችሁ ከሆነ፣ ጂፒአር ፍርሃቱን ያወጣላችኋል።

ገንዘቡን ጠይቁ፤ አያሳፍርም። ደመወዝ የሚከፍሉ አሉ፣ እናንተን የሚያስከፍሉም አሉ።

የኮዳ እውቅና የሌለውን ጭራሽ አትንኩ።

እኔ ራሴ የተሳሳትኩትን ደግሞ ልንገራችሁ። ለቃለ መጠይቅ ስሄድ ያነጋገርኩት ዳይሬክተሩን ብቻ ነበር። አዳዲስ ወንበሮቹንና ማሽኖቹን አሳየኝ፤ ዓይኔ እዚያው ቀረ። ዓመቱን ሙሉ ስሞላና ስነቅል ከረምኩ። የመንጋጋ ጥርስ ሩት ካናል የሠራሁት ሁለት ብቻ ነው። አስቸጋሪው ሁሉ ወደ ስፔሻሊስት ይላክ ነበር። ከዚያ ወጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ እጄ ሲንቀጠቀጥ ታካሚዬ አይታለች፤ ዛሬም አልረሳውም።

ስለዚህ ዳይሬክተሩ በሌሉበት ሬዚደንቶቹን ጠይቁ። ከሐምሌ ወዲህ ስንት ሩት ካናል፣ ስንት ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) በእጃችሁ ሠራችሁ? ጥርስ ስትነቅሉ ሥሩ ተሰብሮ ውስጥ ሲቀርባችሁ አጠገባችሁ ማን ይቆማል? ረዳት አላችሁ ወይስ መምጠጫውንም ራሳችሁ ነው የምትይዙት? አምና የጨረሱት አሁን የት ይሠራሉ? ከተቻለ ከእነሱ የአንዱን ስልክ ተቀበሉ። ጨርሶ የወጣ ሰው የሚፈራው አለቃ ስለሌለው በግልጽ ይነግራችኋል።