የመልበሻ ክፍል ጣሪያ ውሃ ለጎል ፊት ሣር

ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባሉ የሰፈር ኳስ ሜዳዎች ሣሩ ቀድሞ የሚሞተው በረኛው የሚቆምበት ቦታ ነው፤ ነሐሴ ላይ ጭቃ፣ ታኅሣሥ ላይ አቧራ። ከመልበሻ ክፍሉ ጣሪያ የሚወርደው የክረምት ውሃ በታንከር ከተጠራቀመ ይህን ቦታ ያድናል። ሙሉ ሜዳውን ግን አይችልም። 100 በ64 ሜትር ሜዳ አንዴ በ10 ሚሊ ሜትር ልክ ይጠጣ ቢባል 64,000 ሊትር ይፈልጋል። በሁለቱ ጎሎች ፊት በእያንዳንዱ 20 በ6 ሜትር ብቻ ከያዛችሁ ግን 2,400 ሊትር ይበቃል። 10,000 ሊትር ታንከር በ15 ቀን አንዴ እየተጠጣ አራት ዙር ይሄዳል፤ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ማለት ነው።

ዝናቡ አያንስም። በ120 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ፣ የሚፈናጠረው ተቀንሶ፣ ወደ 1,900 ሊትር ይገኛል። በክረምት ለሽንት ቤትና ለእግር መታጠቢያ እንደልብ ተጠቀሙበት፤ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ግን ያንን መስመር ዝጉና የሞላውን ለሣሩ አቆዩ። ለመጠጥ እንዳይውል ቧንቧው ላይ ጻፉበት።

ጥንቃቄውም ገንዘቡም መሠረቱ ላይ ይዋል። የሞላው ታንከር ከ10 ቶን በላይ ይመዝናል። የዚህ አካባቢ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በቀጥታ የተጣለበት ኮንክሪት አብሮት እየተነሳ እየወረደ ታንከሩ ይዘማል። ጥቁሩን አፈር ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አውጡ፤ በገረጋንቲ ሙሉት፤ በየ20 ሳንቲሙ ውሃ እያርከፈከፋችሁ ጠቅጥቁት። ከላዩ 15 ሳንቲም ውፍረት ያለው፣ ብረት የገባበት ኮንክሪት ይሞላ፤ ከታንከሩ ዙሪያ 30 ሳንቲም ይትረፍ። የታንከሩ ጠርዝ አየር ላይ ከቀረ ፕላስቲኩ እዚያው መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ሞልቶ የሚፈሰው ትርፍ ውሃ እግሩ ሥር ከወደቀ ደግሞ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። መውጫው ከመግቢያው የማይጠብ ቱቦ ይሁን፤ 5 ሜትር ርቆ ቦይ ውስጥ ይግባ።

አሸንዳው በ10 ሜትር 5 ሳንቲም ይዘቅዝቅ። ማንጠልጠያው በየ60 ሳንቲም ይመታ፤ ከተራራቀ በረዶ የዘነበ ቀን ይገነጠላል። በጋውን ጣሪያው ላይ የከረመውን አቧራና የወፍ ኩስ የመጀመሪያው ዝናብ ስለሚያጥበው፣ ከታንከሩ በፊት 100 ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ የጠበቀ በርሜል በቲ (ባለ ሦስት አፍ የቱቦ መገጣጠሚያ) ግጠሙ። ቆሻሻው በርሜሉን ይሞላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥሩ ውሃ ወደ ታንከሩ ያልፋል። ዝናቡ ሲያባራ የበርሜሉን የታች ቧንቧ ከፍታችሁ አፍስሱት፤ ይህ ከተረሳ ቀጣዩ ቆሻሻ በቀጥታ ታንከር ይገባል። መግቢያው ላይ ደቃቅ ወንፊት ይደረግ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ትንኝም ያግዳል።

ማጠጫ ጎማው የ1 ኢንች ይሁን፤ ውሃው በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ግማሽ ኢንች ያንቀዋል። ለሩቁ ጎል በጋሪ መጫን ይቀላል፤ አንዱን ዙር 60 ጀሪካን ይበቃዋል። ሰርዶ በየቀኑ ከሚረጭለት ይልቅ አልፎ አልፎ ጠልቆ ቢጠጣ ይወዳል። መሬቱ ሳይሰነጠቅ ጀምሩ። ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ከሆነ ግን መጀመሪያ በአሸዋና በብስባሽ ሙሉት፤ አለዚያ ውሃው ሥሩን አልፎ ወደ ታች ይሰምጣል።