የኅሊና ቁስልን በዕረፍት ማከምና ሌሎች የሕፃናት ማቆያ ስህተቶች

ሰባት ሰዓት፣ የመኝታ ሰዓት። አንዲት ሞግዚት፣ ዐሥራ ስምንት ሕፃን። የአንዱ ዳይፐር ሞልቷል፤ ሌላዋ እናቷን እየጠራች ታለቅሳለች። ሞግዚቷ አንዱን ስትቀይር የምታለቅሰዋ ድምፅዋ እስኪዘጋ አልቅሳ፣ ሳግ እየተናነቃት እንቅልፍ ይወስዳታል። ወገቧን ያመማት ሞግዚት አድራ ይሻላታል። ያ ልቅሶ ጆሮዋ ውስጥ የቀረባት ግን ቅዳሜና እሑድ አርፋም ሰኞ ይዛው ትመጣለች።

ይህ ሁለተኛው ሕመም የሞራል ጉዳት፣ የኅሊና ቁስል ይባላል። ሐሳቡ በሰፊው የታወቀው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆናታን ሼይ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ሲያክም ባየው ነገር ነው። ልክ እንዳልሆነ እያወቁ ያደረጉት፣ ያላደረጉት ወይም ዝም ብለው ያዩት ነገር የሚተወው ቁስል ነው።

ድካም ነው ብሎ ማለፍ። ኃላፊዎች አብዝተው የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቀን ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ስትመለስ ያው ዐሥራ ስምንት ሕፃን፣ ያው አንድ ሰው። ምልክቱን ከልጆቹ ጋር ባላት ነገር ፈልጉት። አንድን ልጅ ለይታ ዓይኑን ታያለች ወይስ ትሸሻለች? እናት ልትወስደው ስትመጣ «ደህና ውሏል» ብላ ቶሎ ዞር ትላለች? እንቅልፍ ማጣቱና ሐዘኑ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከተሰማ ግን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል፣ አእምሮ ሕክምና ክፍል ነው።

«አብሽሪ» ብሎ መዝጋት። አብሽሪ ደግ ቃል ናት፤ ወሎ ውስጥ ስንቱ ሐዘን በሷ ተገፍቷል። ቀድማ ስትመጣ ግን «ይብቃሽ፣ አታውሪው» ሆና ትሰማለች። መጀመሪያ ሦስት ጥያቄ ይቅደም፦ ምን ሆነ? ምን ማድረግ ፈልገሽ ነበር? ምን ከለከለሽ? ሦስተኛውን አትዝለሉት፤ የሰው እጥረት፣ ደንብ ወይስ ፍርሃት እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው። ቦታውም ሁሉ የተሰበሰበበት የቡና ዙር አይሁን። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ፣ የምታምናት አንዲት ባልደረባ፣ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ዱዓውም ጸሎቱም ልብ ያሳርፋል፤ የሞግዚት ቁጥር ግን አይጨምርም።

ጥፋቱን በጅምላ መሸከም። አንድ ወረቀት ለሁለት ይታጠፍ። በአንድ ወገን በእጇ የነበረው ይጻፍ፦ ጮኸች፣ ቆጣ አለች። በሌላው በእጇ ያልነበረው፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሕፃናቱ ቁጥር፣ የሠራተኛው ቁጥር። የልጅ ስም አይጻፍ። ሁለተኛው ወገን ለሁለት ሳምንት ሲመዘገብ «ሥራ በዛብን» የሚለው አቤቱታ «ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት አንድ ተጨማሪ ሰው ይመደብ» ወደሚል ጥያቄ ይለወጣል። ለዚህኛው ኃላፊው አዎ ወይም አይ ማለት ይኖርበታል።

ውሳኔውን ለሰዓቱ መተው። ምሳ ዕቃው ባዶ የሆነ ልጅ ሲገጥም «የሌላ ልጅ ምግብ አትስጪ» የሚል ደንብ ብቻ ካለ፣ ሞግዚቷ ወይ ደንቡን ትጥሳለች ወይ ልጁ ሲያይ ሌሎቹን ታበላለች። ሁለቱም ያቆስሏታል። ቁም ሣጥን ውስጥ የዕለት ዳቦ ይቀመጥ፣ የማይስማማው ምግብ ያለበት ልጅ ዝርዝር ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፣ ለወላጅ የሚደውለውም ሰው አስቀድሞ ይታወቅ።

ባልደረባ ስትቆነጥጥ አይቶ ዝም ማለት። «እንጀራዋ ነው» ይባላል። ወላጅም አንዳንዴ «ቆንጠጥ አድርጊልኝ» ይላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ግን ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የወላጅ ፈቃድ ይህን አይሽረውም። ያየችው ያንኑ ቀን፣ ያየችውን ብቻ፣ ለኃላፊው በጽሑፍ ታሳውቅ። ኃላፊው ከሸፋፈነው በወረዳው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ወይም ፖሊስ አለ።

ልጁን ይቅርታ አለመጠየቅ። «አይገባውም» ማለት ስህተት ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ የፊትና የድምፅ ለውጥ በደንብ ይገባዋል። ተንበርክካ ዓይኑ ትክክል ትሁን፤ «ትናንት ጮኽኩብህ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ» ትበል። «አንተም እኮ…» አይጨመርበት። ካልመጣ አትጎትተው፣ አትቀፈው። በማግስቱ በር ላይ ስሙን ጠርታ ትቀበለው፤ እጁን የሚሰጣት ሲፈልግ ነው።