«ኖት» ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የመርከብና የአውሮፕላን ፍጥነት፣ የባሕር ላይ ነፋስ፣ የውቅያኖስ ጅረት፣ ሁሉም የሚነገረው በኖት ነው። አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው። የባሕር ማይል ልክ 1852 ሜትር ስለሆነ፣ አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ትርጉሙ ይኸው ነው፤ አጠቃቀሙ ላይ ግን ብዙ ይሳታል።

«በሰዓት 20 ኖት» ማለት

ዜና ላይ በብዛት የሚሰማው ስህተት ይህ ነው። ሰዓቱ ኖት ውስጥ አስቀድሞ ስላለ «20 ኖት» ብቻ ይበቃል። «በሰዓት 20 ኖት» ካልን ፍጥነት መናገራችን ቀርቶ፣ ፍጥነቱ በየሰዓቱ በ20 ኖት እየጨመረ ነው ማለታችን ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ የድሮው መለኪያ ራሱ ይነግረናል። አንድ ጠርዙ ላይ እርሳስ (ከባዱ ብረት) የተገጠመለት ጣውላ በገመድ ታስሮ ከመርከቧ ኋላ ይጣላል። እርሳሱ ጣውላውን ውሃው ውስጥ ቀጥ አድርጎ ስለሚያቆመው መርከቧ ስትሄድ እሱ እዚያው ይቀራል፤ ገመዱም ከጥቅሉ ይፈታል። ገመዱ ላይ በየ47 ጫማ ከ3 ኢንች፣ ማለትም በየ14.4 ሜትሩ፣ ቋጠሮ (በእንግሊዝኛ «ኖት») አለ። በ28 ሰከንድ የሚያልቅ የአሸዋ ሰዓት ተገልብጦ፣ አሸዋው እስኪያልቅ በእጅ ያለፈው ቋጠሮ ይቆጠራል። 14.4 ሜትር ለ28 ሰከንድ ሲካፈል 0.514 ሜትር በሰከንድ ይመጣል፤ ያ አንድ ኖት ነው። ሰባት ቋጠሮ ካለፈ ሰባት ኖት ተባለ፣ አለቀ። መሣሪያው የራሱ ጣጣ ነበረበት፦ አሸዋው እርጥበት ከሳበ ቀስ ብሎ ስለሚፈስ ፍጥነቱ ከእውነተኛው በላይ ይነበባል፤ ገመዱ ከተለጠጠ ደግሞ በታች።

የባሕሩን ማይል ከየብሱ ማይል መቀላቀል

የየብስ ማይል 1609 ሜትር ገደማ ነው። 100 የባሕር ማይል 185 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በየብስ ማይል ከተሰላ 161 ይሆናል። ይህ የ24 ኪሎ ሜትር ልዩነት በነዳጅ ስሌት ላይ ቀላል አይደለም። 1852 ሜትር በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነው በ1929 ሞናኮ ላይ ነው። አሜሪካ የተቀበለችው በ1954፣ ብሪታንያ በ1970 ስለሆነ የቆዩ ሰነዶች ላይ ጥቂት የሚበልጥ ማይል ሊገኝ ይችላል። ለፈጣን ግምት ኖቱን በሁለት አባዝቶ አንድ አስረኛውን መቀነስ ነው፦ 30 ኖት ሲባዛ 60፣ ስድስት ሲቀነስ 54፤ ትክክለኛው 55.6 ነው። ሜትር በሰከንድ ከተፈለገ ኖቱን ለሁለት ማካፈል ይበቃል።

ርቀትን ከካርታው የላይና የታች ጠርዝ መለካት

የባሕር ማይል መነሻው የኬክሮስ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ፣ ማለትም አንድ የኬክሮስ ደቂቃ ነው። ስለዚህ ርቀት የሚለካው በካርታው ግራና ቀኝ ጠርዝ ባለው የኬክሮስ መስፈሪያ ነው። ከላይና ከታች ያለው የኬንትሮስ መስፈሪያ ግን ከምድር ወገብ በራቀ ቁጥር እያጠረ ይሄዳል፤ 60 ዲግሪ ላይ አንድ የኬንትሮስ ደቂቃ የባሕር ማይል ግማሽ ብቻ ነው። ለባሕር ጉዞ በተለመደው የመርኬተር አሠራር በተነደፈ ካርታ ላይ ኬክሮሱም ወደ ዋልታው እየተለጠጠ ስለሚሄድ፣ ከሚለካው ቦታ ትይዩ ባለው ጠርዝ ላይ መለካት ያስፈልጋል።

«ከምን አንጻር?» ብሎ አለመጠየቅ

በእኛ ግምት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚያሳስት ነውና። መርከብ ላይ ያለው የፍጥነት መለኪያ ብዙውን ጊዜ የሚያነበው ከውሃው አንጻር ነው፤ ጂፒኤስ የሚያነበው ከመሬት አንጻር ነው። መርከቧ በውሃው ውስጥ 8 ኖት እየሄደች 2 ኖት ጅረት ፊት ለፊት ቢመጣባት፣ ወደ መድረሻዋ የምትቀርበው በ6 ኖት ነው። 24 የባሕር ማይል በ3 ሰዓት ይደረሳል የተባለው 4 ሰዓት ይፈጃል።

አየር ላይ ነገሩ ይብሳል። የአውሮፕላኑ ጠቋሚ የሚለካው ፊት ለፊት የሚመጣውን አየር ግፊት ስለሆነ፣ አየሩ በሳሳ ቁጥር ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል። በግምት በየ1000 ጫማው ሁለት በመቶ ይጨመርበታል፤ 10,000 ጫማ ላይ 120 የሚያሳይ ጠቋሚ ወደ 144 ኖት የሚሆን እውነተኛ ፍጥነት አለው። 30 ኖት የፊት ነፋስ ካለ መሬት ላይ የሚቆጠረው 114 ብቻ ነው። ለማረፍ ሲቃረቡ ጂፒኤሱን አይቶ ፍጥነት መቀነስ ደግሞ አደጋ ነው፦ 20 ኖት ነፋስ ከኋላ እየገፋ ጂፒኤሱ 80 ቢል፣ ክንፉ የሚያገኘው 60 ነው። ክንፍ የሚያውቀው አየሩን እንጂ መሬቱን አይደለም።

የነፋስ ቁጥርን አሃዱን ሳያዩ ማንበብ

የአየር ማረፊያ ዘገባ ላይ «24015» የሚል ቢገኝ፣ ነፋሱ ከ240 ዲግሪ አቅጣጫ ይመጣል፣ ፍጥነቱም 15 ነው። 15 ምን? መልሱ ከቁጥሩ ቀጥሎ ባሉት ፊደላት ነው። በብዙ አገሮች ኖት ሲሆን፣ ሩሲያና ቻይና ሜትር በሰከንድ ይጠቀማሉ፤ 15 ሜትር በሰከንድ 29 ኖት ነው። «ኃይል 6» የሚለው፣ የነፋስን ጥንካሬ በደረጃ የሚገልጸው የቦፎርት መለኪያም 6 ኖት ሳይሆን ከ22 እስከ 27 ኖት ነው።

ነፋስ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 15 ኖት ተብሎ በመሃል 30 ኖት የሚደርስ ሽውታ ከተጠቀሰ፣ ዝግጅቱ ለ30 መሆን አለበት። አቅጣጫም ያምታታል፦ ነፋስ የሚጠራው ከሚመጣበት፣ ጅረት የሚጠራው ወደሚሄድበት ነው።

እንግሊዝኛው «ኖት» ባለ ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ትርጉም መስጠት

ቃሉ ገመድ ላይ ሲሆን ቋጠሮ ነው፤ መርከበኞች ግን ሁለት ገመድ የሚያገናኘውን «ቤንድ»፣ ገመድን ከምሰሶ ወይም ከቀለበት የሚያስረውን «ሂች» ብለው ይለያሉ። መለያው ለወግ አይደለም። ሸራ ለመጠቅለል የተሠራው ሪፍ ኖት ሁለት ገመድ ለማገናኘት ሲውል፣ በተለይ ገመዶቹ ውፍረታቸው ከተለያየ፣ ይገለበጥና ይፈታል፤ ለዚያ ሺት ቤንድ ነው የሚያስፈልገው። ጣውላ ላይ ሲሆን ደግሞ ቅርንጫፍ የወጣበት ጉጥ ነው። ስለ ሙሽሮች «ታይ ዘ ኖት» ከተባለ ተጋቡ ማለት ነው፤ ገመድ የለበትም። ብሪታንያውያን «አት ኤ ሬት ኦቭ ኖትስ» ሲሉም በጣም በፍጥነት ማለታቸው ነው፤ ተርጓሚ ስንት ኖት እንደሆነ መፈለግ የለበትም፤ «እየበረረ» ቢለው ይበቃዋል።